በፓንዳስ የጽሑፍ ማጣመሪያ ሰነድ ላይ ተቀባይነት የሚያገኝ ማሻሻያ አዘገጃጀት፦ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ በሐዋሳ ለሚገኙ የኮምፒውተር ሳይንስና የስታቲስቲክስ ተማሪዎች፣ እንዲሁም በየመሥሪያ ቤቱ መረጃ ለሚያጠናቅሩ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። ብዙዎቹ ሰንጠረዥ መሰል መረጃ የሚሠሩበትን የፓይተን ላይብረሪ ፓንዳስን በየቀኑ ይጠቀማሉ። የጽሑፍ ዓምዶችን የሚያጣምረው «ስትር.ካት» የተባለው ፋንክሽን ግራ ሲያጋባቸው ሰነዱን ያነባሉ፤ የጎደለ ነገር ያያሉ፤ ለማሻሻልም ይነሣሉ። የላኩት ለውጥ ግን ተመልሶ ይመጣል፣ አለዚያም መልስ ሳያገኝ ይከርማል።

ምክንያቱ በአብዛኛው የእንግሊዝኛ ችሎታ ማነስ አይደለም። ፋንክሽኑን በእጅ ሳይፈትኑ ስለ ፋንክሽኑ መጻፍ፣ በአንድ ለውጥ ብዙ ነገር መነካካትና ከመላክ በፊት አለመመርመር ነው። ስለዚህ ከታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ይከተሉ። በተለይ ደረጃ 1ን አይዝለሉ፤ የሚሳካውና የማይሳካው ለውጥ የሚለየው እዚያ ነው።

የአጻጻፍ ማሳሰቢያ። እዚህ የኮድ ቃላትን እንደ ድምፃቸው በራሳችን ፊደል ጽፌአቸዋለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ሲጽፉ በላቲን ፊደል ይጻፏቸው። ኮድ ሲጽፉ ኪቦርዱን ከአማርኛ ያውጡት። በኮማ ፋንታ «፣» ከገባ ፓይተን «ልክ ያልሆነ ቁምፊ» ብሎ ይቆማል። በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያለ መረጃ ግን በአማርኛ ቢሆን ምንም ችግር የለውም።

## ከመጀመርዎ በፊት የሚያስፈልጉ

- ፓይተንና የቅርብ ጊዜ የፓንዳስ ቅጂ የተጫነበት ኮምፒውተር
- ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ ፕሮግራም)፣ እንዲሁም የፓንዳስ ኮድ በሚገኝበት ድረ ገጽ በጊትሃብ ላይ አካውንት
- የምንጭ ኮዱን ለማውረድና አካባቢውን ለማዘጋጀት የሚበቃ የዲስክ ቦታና የኢንተርኔት ዳታ
- ወረቀትና እስክርቢቶ

የመጨረሻውን እንደ ቀላል አይዩት። የሚጠብቁትን ውጤት ከመፈተንዎ በፊት በወረቀት ካልጻፉ፣ ኮምፒውተሩ ያሳየዎትን ሁሉ «እንዲህ እንደሚሆን አውቄ ነበር» ብለው ያልፉታል። ግምትዎና ውጤቱ የተለያዩበት ቦታ ሰነዱ ማብራራት ያለበት ቦታ ነው።

የፊደል ግድፈት ወይም አንድ ቃል ብቻ ለማረም ከሆነ ይህ ሁሉ ዝግጅት አያስፈልግም። በጊትሃብ ገጽ ላይ ፋይሉን ከፍተው የእርሳሱን ምልክት ይጫኑ፤ እዚያው አርመው ይላኩ። ምሳሌ የሚጨምሩ ወይም ማብራሪያ የሚቀይሩ ከሆነ ግን ሙሉውን መንገድ ይሂዱ።

## ደረጃ 1፦ ሰነዱን ከመንካትዎ በፊት ፋንክሽኑን ይፈትኑ

በመጀመሪያ የሚጠቀሙበትን የፓንዳስ ቅጂ ቁጥር ይመልከቱ። የየትኛው ወገን መለያዎች በውጤቱ እንደሚቀሩ የሚወስነው የ«ጆይን» ግቤት ነባሪ ዋጋ «ሌፍት» የሆነው ከቅጂ 1.0.0 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የተጻፉ ማብራሪያዎች ዛሬም በፍለጋ ውጤት ላይ ይወጣሉ፤ እነሱን አምኖ ሰነድ ማረም ትክክለኛውን ማጥፋት ነው።

አሁን አራት ረድፍ ያለው ትንሽ ሰንጠረዥ ይሥሩ። በክፍለ ከተማ ምዝገባ የምናውቀውን ዓይነት ይሁን፦

    መለያ   ስም       የአባት ስም
    0      ሐና       ደረጀ
    1      ሰለሞን     (ያልተሞላ)
    2      ትዕግስት    ላሞ
    3      ማቴዎስ     ዮሐንስ

ሁለቱን ዓምዶች «ስም» እና «አባት» ብለው በተለያዩ ሲሪሶች (ፓንዳስ የአንድን ዓምድ መረጃ ከነመለያው የሚይዝበት ቅርጽ) ያስቀምጡ። ከዚያ የሚከተሉትን ሙከራዎች አንድ በአንድ ያካሂዱ።

### ሙከራ ሀ፦ አንድን ዓምድ ወደ አንድ ጽሑፍ ማጣመር

«አባት.ስትር.ካት(ሴፕ=" / ")» ብለው ያስኪዱ፤ «ሴፕ» በዋጋዎቹ መካከል የሚገባው መለያያ ነው። ውጤቱ አንድ ጽሑፍ ብቻ ነው፦ «ደረጀ / ላሞ / ዮሐንስ»። ያልተሞላው ቦታ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ተዘሏል። በጎደለ ዋጋ ቦታ ምን እንደሚገባ የሚወስነውን «ኤንኤ_ሬፕ="-"» ሲጨምሩ «ደረጀ / - / ላሞ / ዮሐንስ» ይሆናል።

### ሙከራ ለ፦ ሁለት ዓምዶችን ጎን ለጎን ማጣመር

«ስም.ስትር.ካት(አባት, ሴፕ=" ")» ብለው ያስኪዱ።

    0    ሐና ደረጀ
    1    ኤንኤኤን
    2    ትዕግስት ላሞ
    3    ማቴዎስ ዮሐንስ

በሙከራ ሀ የጎደለው ዋጋ ብቻ ነበር የተዘለለው። እዚህ ግን የአባቱ ስም ስላልተሞላ የሰለሞን ስም ራሱ ጠፍቶ በቦታው የጎደለ ዋጋ ምልክት የሆነው «ኤንኤኤን» ገብቷል። ያው ፋንክሽን፣ ያው መረጃ፣ ሁለት የተለያየ ባሕርይ። ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ሰነዱ ሁለቱንም ሁኔታ ይገልጻል፤ ቸኩሎ የሚያነብ ሰው ግን የመጀመሪያውን አይቶ ለሁለተኛውም ይሠራል ብሎ ያምናል።

«ኤንኤ_ሬፕ=""» ሲሰጡት ሰለሞን ይመለሳል። ግን ጠጋ ብለው ይመልከቱ፤ የተመለሰው «ሰለሞን» ሳይሆን «ሰለሞን » ነው፤ ከስሙ በኋላ ክፍት ቦታ አለ። መለያያው የሚገባው ዋጋው ባዶ ቢሆንም ነው። ዓይን አያየውም፤ ይህን ዝርዝር ከሌላ ዝርዝር ጋር ሲያመሳክሩ ግን ሰለሞን አይገኝም። የአያት ስም ተጨምሮ ሦስት ዓምድ ሲሆን ነገሩ ይብሳል፦ መሃል ላይ ያለው የአባት ስም ከጎደለ በስምና በአያት ስም መካከል ሁለት ክፍት ቦታ ይገባል፤ ዳርና ዳሩን የሚጠርገው «ስትሪፕ» ይህን አያስተካክለውም።

### ሙከራ ሐ፦ የመለያ አሰላለፍ

ይህን ሙከራ በጥንቃቄ ያካሂዱት። የአባት ስሞቹ ከሌላ ፋይል፣ በሌላ ቅደም ተከተል መጡ እንበል። «ሁለተኛ» የሚባል ሲሪስ ይሥሩ፦

    3    ዮሐንስ
    0    ደረጀ
    2    ላሞ
    5    ካሳ

«ስም.ስትር.ካት(ሁለተኛ, ሴፕ=" ")» ሲሉ ፓንዳስ የሚያመሳስለው በመለያ ቁጥር ነው እንጂ በቦታ ቅደም ተከተል አይደለም። ደረጀ ወደ ሐና፣ ዮሐንስ ወደ ማቴዎስ ይሄዳል። በግራ በኩል የሌለው ካሳ ይቀራል። ትክክለኛ ውጤት ነው።

አሁን «ሁለተኛ.ቫልዩስ» ብለው ይሞክሩ። ይህ መለያዎቹን ገፎ ዋጋዎቹን ብቻ ያቀብላል፦

    0    ሐና ዮሐንስ
    1    ሰለሞን ደረጀ
    2    ትዕግስት ላሞ
    3    ማቴዎስ ካሳ

የስህተት መልእክት የለም። የጎደለ ረድፍ የለም። ዝርዝሩ ከፊተኛው ይልቅ የተሟላ ይመስላል። ሆኖም ከአራቱ ሰዎች ሦስቱ የሌላ ሰው አባት ተሰጥቷቸዋል። ይህ በተማሪዎች ውጤት ወይም በሕሙማን መዝገብ ላይ ቢፈጸም የሚያስከትለውን ጉዳት ያስቡ። ሰነዱ «አሰላለፉን ለማጥፋት ቫልዩስን ይጠቀሙ» ይላል፤ እውነት ነው። እኔ እንደማምነው፣ መቼ ማጥፋት እንደማይገባ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ከአሥር የማስጠንቀቂያ ዓረፍተ ነገር ይበልጣል።

አራቱንም የ«ጆይን» ዋጋዎች ይሞክሩ። «ሌፍት» የግራውን መለያዎች ይይዛል። «አውተር» የሁለቱንም ስለሚይዝ አምስት ረድፍ ይሰጣል። «ኢነር» የጋራዎቹን ሦስት ብቻ ያስቀራል። «ራይት» የቀኙን በቀኙ ቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ ረድፎቹ 3፣ 0፣ 2፣ 5 ሆነው ይወጣሉ።

### ሙከራ መ፦ ከመደመር ምልክት ጋር ማነጻጸር

«ስም + " " + ሁለተኛ» ብለው ያስኪዱ። አምስት ረድፍ ይመጣል፤ 1 እና 5 የጎደሉ ናቸው። የመደመር ምልክት የሁለቱንም ወገን መለያዎች ይይዛል ማለት ነው፤ «ካት» ደግሞ ሌላ ካላዘዙት የግራውን ብቻ ይይዛል። ውጤቱን ወደ ሰንጠረዡ እንደ አዲስ ዓምድ ሲመልሱት አምስተኛው ረድፍ ሳይታይ ስለሚቀር ልዩነቱ ይሸፈናል። ብዙ ሰው «ሁለቱ አንድ ናቸው» የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው።

### ሙከራ ሠ፦ ቁጥር ያለበት ዓምድ

የቀበሌ ቁጥር ያለበትን ዓምድ ከስም ጋር ለማጣመር ይሞክሩ። ፓንዳስ የሚጣመሩት ዝርዝሮች ጽሑፍ ብቻ መያዝ እንዳለባቸው ገልጾ ይቆማል። ይህ መልካም ስህተት ነው፤ አደጋው የሚመጣው ከመፍትሔው ነው። በዓምዱ ውስጥ አንድ የጎደለ ዋጋ ካለ ቁጥሮቹ ወደ ነጥብ ቁጥር ተቀይረዋልና በቀጥታ ወደ ጽሑፍ ሲለውጧቸው 7 የነበረው «7.0» ይሆናል። በቅድሚያ ወደ «ኢንት64»፣ ቀጥሎ ወደ «ስትሪንግ» ይቀይሩ። የ«ኢንት64» የመጀመሪያ ፊደል በላቲን ትልቁ መሆን አለበት፤ በትንሹ ከጻፉት የጎደለ ዋጋ አይቀበልም። «07» ተብሎ የተመዘገበውን ዜሮ ማትረፍ ከፈለጉ ግን ፋይሉን ሲያነቡ ዓምዱ ጽሑፍ እንዲሆን ከመነሻው ይዘዙ። አንዴ የጠፋ ዜሮ በኋላ አይመለስም።

### ሙከራ ረ፦ የመለያያውን ስም መርሳት

«ስም.ስትር.ካት(" ")» ብለው ይጻፉ። ፓንዳስ «ሴፕ» የሚለውን ስም ለመስጠት ፈልገው እንደሆነ ይጠይቅዎታል። የመጀመሪያው ግቤት የሚጣመረው ነገር እንጂ መለያያው አይደለምና።

## ደረጃ 2፦ አንድ ጥያቄ ብቻ ይምረጡ

ከስድስቱ ሙከራዎች ግምትዎና ውጤቱ የተለያዩባቸውን ያስምሩባቸው። ከዚያ አንዱን ይምረጡ። ሁለት አይደለም፤ አንድ።

1. በልማት ላይ ያለውን የሰነድ ቅጂ ይክፈቱ። የተረጋጋው ቅጂ ላይ የጎደለው ነገር በልማቱ ቅጂ ተሟልቶ ሊሆን ይችላል።
2. የፋንክሽኑን ገጽ ከላይ እስከ ታች፣ ምሳሌዎቹን ጨምሮ ያንብቡ።
3. በተጠቃሚዎች መመሪያ ውስጥ ስለ ጽሑፍ የሚያወራውን ምዕራፍ፣ በተለይ የማጣመር ክፍሉን ያንብቡ። ከአንድ ሲሪስ፣ ከዝርዝር፣ ከመለያ ጋርና ከብዙ ነገሮች ጋር ማጣመር ለየብቻ ተብራርቷል።
4. በጊትሃብ ላይ ያሉ ክፍትና የተዘጉ ጥያቄዎችን በፋንክሽኑ ስም ይፈልጉ። የተዘጉትን ይዝለሉ አላልኩም፤ «ይህ አያስፈልግም» ተብሎ የተዘጋ ሐሳብ ሊኖር ይችላል።

ሌላ ሰው እየሠራበት ከሆነ፦ አይቀላቀሉበት። ሥራው ለረጅም ጊዜ ከቆመ ግን በትሕትና ይጠይቁና መልስ ይጠብቁ።

ምንም የጎደለ ካላገኙ፦ ሌላ ሙከራ ይምረጡ። ግድ ለውጥ መላክ አለብኝ ብለው ያልተሰበረውን አይጠግኑ።

## ደረጃ 3፦ ለውጡ የሚገባበትን ቦታ ይወስኑ

በድረ ገጹ ላይ የሚያዩት የፋንክሽኑ ገጽ ራሱን የቻለ ፋይል የለውም። የሚመነጨው በፓይተን ኮዱ ውስጥ ከፋንክሽኑ ስም በታች ካለው የማብራሪያ ጽሑፍ፣ ከ«ዶክስትሪንግ» ነው። የገጹን ፋይል ፍለጋ ብዙ ሰዓት የሚያባክኑ አሉ።

- ስለ አንድ ግቤት ትርጉም ወይም አጭር ምሳሌ ከሆነ፦ «ፓንዳስ/ኮር/ስትሪንግስ» በሚለው ፎልደር ውስጥ «አክሰሰር» የተባለውን ፋይል ይክፈቱ፤ «ካት» የሚለውን ይፈልጉ።
- ብዙ ፋንክሽኖችን የሚያነጻጽር ወይም አንድን ሥራ ከመነሻ እስከ መድረሻ የሚያሳይ ከሆነ፦ «ዶክ/ሶርስ/ዩዘር_ጋይድ» ውስጥ «ቴክስት» የተባለውን ፋይል ይክፈቱ።

የደረጃ 1 ሙከራ መ ለሁለቱም ይሆናል፤ እኔ ግን ለዶክስትሪንጉ አደላለሁ። ሰው ፋንክሽኑን ሲጠቀም መጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ነውና።

## ደረጃ 4፦ የሥራ አካባቢውን ያዘጋጁ

1. በጊትሃብ ላይ የፓንዳስን ማከማቻ ወደ ራስዎ አካውንት ፎርክ ያድርጉ (ማለትም የራስዎን ግልባጭ ይፍጠሩ)።
2. ፎርኩን ወደ ኮምፒውተርዎ ያውርዱ። ዋናውንም ማከማቻ «አፕስትሪም» በሚል ስም ያገናኙ።
3. በማከማቻው ውስጥ ካለው የአካባቢ ፋይል የኮንዳ ወይም የማምባ አካባቢ (ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት ፕሮግራሞች ለብቻ የሚጫኑበት ቦታ) ይፍጠሩ።
4. ፓንዳስን ከምንጭ ኮዱ ይገንቡ። የግንባታ ትእዛዙን ከፓንዳስ የአስተዋጽኦ መመሪያ ላይ በቀጥታ ይቅዱ፤ ከድሮ ጽሑፍ አይውሰዱ።
5. ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን አዲስ ቅርንጫፍ ይክፈቱ። «ሜይን» በሚለው ቅርንጫፍ ላይ በፍጹም አይሥሩ።

ማውረዱ መሃል ላይ ሲቋረጥ። ሐዋሳ ላይ ብዙዎችን ተስፋ የሚያስቆርጠው ይህ ነው። የማከማቻው ታሪክ ትልቅ ነው፤ ማከማቻውን የሚያወርደው የ«ክሎን» ትእዛዝ መሃል ላይ ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም፤ ከዜሮ ይጀምራል። መብራት በጠፋ ቁጥር ዳታው ይባክናል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ አያውርዱት። መጀመሪያ «--ዴፕዝ 1» በሚለው አማራጭ የመጨረሻውን ሁኔታ ብቻ ያውርዱ። ቀጥሎ «ፌች --ዲፕን=1000» እያሉ ታሪኩን በጥቂት በጥቂቱ ያስገቡ፤ አንዱ ዙር ቢቋረጥ ያለፉት ዙሮች አይጠፉም። በመጨረሻ በ«--አንሻሎው» ያጠናቅቁ። የቅጂ መለያዎቹን ደግሞ በ«--ታግስ» ከአፕስትሪም ያምጡ፤ ፓንዳስ ሲገነባ የራሱን የቅጂ ቁጥር የሚያውቀው ከእነሱ ነው። በሌሊት ፓኬጅ መሥራት ወይም ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሽቦ መስመር ያለበት ላቦራቶሪ ማግኘት ከቻሉ ጊዜውም ገንዘቡም ይቀንስልዎታል።

ግንባታው ሲከሽፍ። መጀመሪያ አካባቢውን ማንቃትዎን ያረጋግጡ። ቀጥሎ የሲ ኮምፓይለር መኖሩን ይመልከቱ፤ በዊንዶውስ ላይ በአብዛኛው የሚጎድለው እሱ ነው። ኮምፒውተርዎ አቅም ካነሰው በአሳሽ ውስጥ የሚሠራውን የጊትሃብ ኮድስፔስስ ይጠቀሙ፤ ማውረዱና ግንባታው በእነሱ ማሽን ላይ ስለሚካሄድ ብዙ ዳታም አይበላም።

## ደረጃ 5፦ ጽሑፉን ይጻፉ

ሰነዱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ረጅም ዓረፍተ ነገር አስበው ቃል በቃል አይተርጉሙ። በአማርኛ «ምን ሲደረግ ምን ይሆናል» ብለው በአንድ መስመር ይጻፉት፤ ከዚያ ያንኑ ብቻ ይበሉ።

ለምሳሌ በሙከራ መ ላይ የሚጻፍ ማስታወሻ እንውሰድ።

ደካማው፦ «ካት ከመደመር ምልክት የተለየ መሆኑን ተጠቃሚዎች ሊገነዘቡ ይገባል።»

የተሻለው፦ «የመደመር ምልክት የሁለቱንም ወገን መለያዎች ይይዛል፤ ካት ግን ጆይን ካልተቀየረ የግራውን ብቻ ይይዛል።»

የመጀመሪያው ያስጠነቅቃል እንጂ አያሳውቅም። አንባቢው «እሺ፣ በምን ይለያል?» ብሎ ይቀራል። ሁለተኛው የሚመረመር ነገር ይናገራል፤ ገምጋሚውም ኮዱን አስኪዶ እውነትነቱን ማረጋገጥ ይችላል። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገርዎን በዚህ ይፈትኑት፦ ኮድ አስኪዶ ውሸት ነው ወይም እውነት ነው ማለት ካልተቻለ ይሰርዙት።

የቅርጹን ሕግ እንዲህ ይጠብቁ።

1. የመጀመሪያው መስመር አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይሁን፤ በትእዛዝ ግሥ ይጀምር፤ በነጥብ ይለቅ። ግድ ካልሆነብዎት ይህን መስመር አይንኩ።
2. ክፍሎቹ በቅደም ተከተል ይቀመጡ፦ ማብራሪያ፣ ግቤቶች፣ የሚመልሰው ነገር፣ ተዛማጅ ፋንክሽኖች፣ ማስታወሻ፣ ምሳሌዎች።
3. የእያንዳንዱ ግቤት ማብራሪያ በትልቅ ፊደል ይጀምር፤ በነጥብ ይለቅ። ሁለት ባዶ መስመር በተከታታይ አያስገቡ።
4. በምሳሌ ውስጥ ፓንዳስንና ነምፓይን አያስመጡ፤ እንደገቡ ተደርጎ ይቆጠራል።
5. አዲስ መረጃ ከመፍጠር በዶክስትሪንጉ ውስጥ ያሉትን ሲሪሶች ይጠቀሙ። በ«ካት» ሰነድ ውስጥ ጎደሎ ዋጋ ያለው ባለ አራት ረድፍ ሲሪስና መለያው የተዘበራረቀ ሌላ ሲሪስ አሉ፤ ለአሰላለፍ ምሳሌ ሁለቱ ይበቃሉ።
6. ከእያንዳንዱ ምሳሌ በላይ ምን እንደሚያሳይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ።

የሐናና የሰለሞን ሰንጠረዥ ለእርስዎ መፈተኛ ነው፤ ወደ ሰነዱ አይላኩት። ገምጋሚዎቹ ስሞቹን ማንበብ ስለማይችሉ የትኛው አባት ለየትኛው ልጅ እንደተሰጠ ማረጋገጥ ይቸገራሉ። በየመሥሪያ ቤታችሁ ለሥራ ባልደረቦች በአማርኛ የምታዘጋጁት መመሪያ ካለ ግን እዚያ ላይ ይህ ሰንጠረዥ ከየትኛውም ምሳሌ የተሻለ ያስረዳል። የእውነተኛ ባለጉዳዮችን ስም ግን በየትኛውም ምሳሌ አታስገቡ።

ማስጠንቀቂያ። የምሳሌውን ውጤት በእጅ አይጻፉ። አስኪደው ይቅዱት። ውጤቱ ውስጥ አንድ ፊደል ሲበዛ ወይም ሲያንስ ፍተሻው ይወድቃል። ከውጤቱ በታች የሚታየውን የዓምድ ዓይነት መግለጫ መስመርም አይተዉት።

ተዛማጅ ፋንክሽኖችን ሲጠቅሱ ሦስት ነገሮችን አያደባልቁ። «ስትር.ካት» የተለያዩ ዓምዶችን ጽሑፍ ያጣምራል። «ስትር.ጆይን» በአንድ ሕዋስ ውስጥ ያለን ዝርዝር ያጣምራል። «ኮንካት» ደግሞ ሰንጠረዦችን ይቀጥላል፤ በጽሑፉ ይዘት ውስጥ አይገባም። ስማቸው ስለሚቀራረብ ሰነድ የሚያርሙ ሰዎች ራሳቸው ያቀያይሯቸዋል።

## ደረጃ 6፦ ከመላክዎ በፊት ይመርምሩ

ሦስት ምርመራዎች አሉ፤ ሦስቱንም ያካሂዱ።

አንደኛ፣ የዶክስትሪንግ መርማሪው። ከማከማቻው ዋና ፎልደር ሆነው «ፓይተን ስክሪፕትስ/ቫሊዴት_ዶክስትሪንግስ.ፓይ ፓንዳስ.ሲሪስ.ስትር.ካት» ይበሉ። የስህተቶቹ ዝርዝር ይመጣል።

- «ምሳሌዎቹ ፍተሻውን አላለፉም» ካለ፣ የሚጠበቀውንና የተገኘውን ጎን ለጎን ያሳይዎታል። ልዩነቱን ፈልገው ውጤቱን እንደገና ይቅዱ።
- «ግቤቱ አልተገለጸም» ካለ፣ የግቤቱ ስም በፊደል ግድፈት ተለውጦ ሊሆን ይችላል።
- እርስዎ ያልነኩት ስህተት ከታየ፣ ከለውጥዎ በፊት የነበረ መሆኑን በ«ሜይን» ላይ አስኪደው ያረጋግጡ። የነበረ ከሆነ አይንኩት፤ የራሱ ለውጥ ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ ገጹን መገንባት። ወደ «ዶክ» ፎልደር ገብተው «ፓይተን ሜክ.ፓይ --ሲንግል ፓንዳስ.ሲሪስ.ስትር.ካት» ይበሉ። ሙሉውን ሰነድ አይገንቡ፤ ረጅም ጊዜ ይፈጃል። ያለቀው ገጽ በ«ቢልድ» ሥር ባለው «ኤችቲኤምኤል» ፎልደር ውስጥ ነው። ገጹን በአሳሽ ከፍተው በዓይንዎ ያንብቡት። ምሳሌው ከማብራሪያው ጋር ተጣብቆ እንደ አንድ አንቀጽ ከታየ በመካከላቸው ባዶ መስመር ጎድሏል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ሌላ ሰው። ፓንዳስ የሚያውቅ፣ ይህን ፋንክሽን ግን ብዙ ያልተጠቀመ ጓደኛ ይፈልጉ። የጻፉትን ብቻ ያሳዩት፤ በቃል አይጨምሩበት። ከዚያ፣ ለምሳሌ ስለ አሰላለፍ ከሆነ፣ «ሁለተኛው ሲሪስ ላይ ብቻ ያለው ረድፍ የት ይሄዳል?» ብለው ይጠይቁት። መመለስ ካቃተው ጽሑፉን ያስተካክሉ እንጂ ለእሱ አያስረዱት።

## ደረጃ 7፦ ይላኩ

1. የተለወጡትን መስመሮች በ«ጊት ዲፍ» ይመልከቱ። ከመረጡት ጥያቄ ውጭ የተነካ መስመር ካለ ይመልሱት። የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራሞች ፋይሉን በሙሉ አስተካክለው መቶ መስመር የሚቀይሩበት ጊዜ አለ፤ እንዲህ ያለውን ለውጥ ማንም በትዕግሥት አያነብም።
2. ኮሚት ያድርጉ (ለውጡን በጊት ይመዝግቡ)። ርእሱ የሰነድ ለውጥ መሆኑን በሚያሳየው «ዲኦሲ፦» የሚል ምልክት ይጀምር፤ በላቲን ፊደል፣ በነጠላ ኮለን።
3. ቅርንጫፉን ወደ ፎርክዎ ይግፉ። ለውጡ ወደ ዋናው ማከማቻ እንዲገባ የሚጠይቀውን ፑል ሪኩዌስት ይክፈቱ።
4. በመግለጫው ላይ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ አንባቢው ምን ይሳሳት እንደነበር፣ ምን እንደጨመሩ፣ የትኞቹን ምርመራዎች እንዳካሄዱ። ተያያዥ ጥያቄ ካለ ቁጥሩን ይጥቀሱ።

ስለ ራስዎ ማንነት፣ ልምድዎ ስለ ማነሱ ወይም ስለ ይቅርታ የሚያወራ አንቀጽ አያስፈልግም። ለውጡ ራሱ ይናገራል።

አውቶማቲክ ፍተሻው ቀይ ሲያሳይ። አይደንግጡ፤ የወደቀውን ፍተሻ ከፍተው መልእክቱን ያንብቡ። ስለ ሰነድ ወይም ስለ አጻጻፍ ሥርዓት ከሆነ የእርስዎ ነው። የነኩትን ፋይል የማይመለከት ከሆነ ከ«አፕስትሪም» የቅርቡን ሜይን ወደ ቅርንጫፍዎ አዋሕደው እንደገና ይግፉ። ያም ሆኖ ቀይ ከሆነ ከለውጡ ጋር የማይገናኝ መሆኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር ገልጸው ይጠብቁ።

## ደረጃ 8፦ ከገምጋሚ ጋር ይሥሩ

ገምጋሚዎቹ በአብዛኛው በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። አጭር አስተያየት ቁጣ አይደለም። «ይህ ከላይ ተጽፏል» ከተባለ ሄደው ያንብቡ፤ እውነት ከሆነ ያውጡት። ካልተስማሙ ሙከራውን ከነውጤቱ ያሳዩ፤ ደረጃ 1 ላይ በወረቀት የጻፉት ግምት እዚህ ይጠቅማል፤ አንባቢ ምን ሊያስብ እንደሚችል ማስረጃው እሱ ነው።

የታዘዘውን እርማት እዚያው ቅርንጫፍ ላይ ሠርተው ይግፉ፤ ፑል ሪኩዌስቱ ራሱ ይታደሳል። ዘግተው አዲስ አይክፈቱ፤ የተደረገው ውይይት በሙሉ ይበታተናል። እያንዳንዱን አስተያየት ካስተካከሉ በኋላ መልስ ይስጡበት።

መልስ ሲዘገይ። አንድ ሁለት ሳምንት ይጠብቁ፤ ከዚያ ለግምገማ ዝግጁ መሆኑን በአንድ መስመር ያሳውቁ። በየቀኑ መጠየቅ አያፋጥነውም።

ለውጡ ውድቅ ከሆነ። ምክንያቱን ያንብቡ። «ቦታው ይህ አይደለም» ከሆነ ያንኑ ምሳሌ ወደ ተጠቃሚዎች መመሪያ ማዛወር ይቻል እንደሆነ እዚያው ይጠይቁ። «አያስፈልግም» ከሆነ ይቀበሉና ከስድስቱ ሙከራዎች ሌላውን ይዘው ወደ ደረጃ 2 ይመለሱ።

ለውጡ ከተዋሐደ። ቅርንጫፉን ያጥፉ፤ የራስዎን ሜይን ከአፕስትሪም ያድሱ። አዲሱ ጽሑፍ በልማቱ ሰነድ ላይ ቀድሞ ይታያል፤ በተረጋጋው ላይ የሚወጣው ከሚቀጥለው ቅጂ ጋር ነው። የሚቀጥለውን ለውጥ ከታደሰው ሜይን ላይ በአዲስ ቅርንጫፍ ይጀምሩ፤ አካባቢው አሁን ስለተዘጋጀ ደረጃ 4ን መድገም የለብዎትም።